በገና የታመመችው ልጅ

*ይድረስ ለእትዬ፤*

*እንደምን ሰነበቱ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የቀን ሺፍት እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ዘንድሮ፣ በፈረንጆቹ 2026፣ ገና ረቡዕ ዋለ። ሺፍት ተለዋውጬ ቤተሰቡን ይዤ ቅዳሴ አደርኩ። ቤት የገባነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። በሦስት ሰዓት እንቅልፍ ትምህርት ቤት ልላካቸው ብል ልጆቹ አሳዘኑኝ። ጠዋት ደወልኩና «ትንሿ ትኩሳት አላት» አልኩ። ትልቁ አሥረኛ ክፍል ነው፤ የኬሚስትሪ ፈተና አለብኝ ብሎ ዓይኑ ደም እንደመሰለ ሄደ። በማግስቱ የትንሿ አስተማሪ «ተሻለሽ ወይ?» ብትላት፣ «አልታመምኩም እኮ፣ ሌሊት ዶሮ ወጥ በላን» ብላ ነገረቻት። አስተማሪዋ ኢሜይል ጻፈችልኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም።*

*የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። አምና ለዒድ ተዘጋ። ለአይሁዶቹ በመስከረም ሁለት ቀን ተዘጋ፤ ያኔ እኔ ለልጅ ጠባቂ ከፍዬ ነው ሥራ የገባሁት። የእኛስ? አገራችን እያለን መንግሥት ራሱ ይዘጋልን አልነበር? አሁን ገና እንዲዘጋልን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። ባለቤቴ «የሰው አገር ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ይለኛል። ልጄ «እማዬ፣ አታሳፍሪኝ» ይለኛል። ልፈርም ወይስ ልተወው?*

*ግራ የገባት እናት*

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያቺን ልጅ ጉንጯን ሳሚልኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። የሳቅኩት በአንቺ አይደለም፣ በዶሮው ነው። ትንሽ ልጅ ምሥጢር አይዝም። በተለይ ሌሊት ተቀስቅሶ የበላውን ዶሮ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በከንቱ ነው የዋሸሽው። ልወቅስሽ ፈልጌ አይደለም፤ መዋሸት አያስፈልግሽም ነበር ማለቴ ነው። በሜሪላንድ ደንብ ልጅ ከትምህርት ቤት በሕጋዊ መንገድ የሚቀርባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። ሕመም አለ። የቅርብ ዘመድ ሞት አለ። ፍርድ ቤት መጠራት አለ። የሃይማኖት በዓልም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ከሕመም እኩል ተጽፏል። «ዛሬ የእኛ ገና ነው፣ ልጄ አትመጣም» ብትዪ ይበቃ ነበር። ትኩሳቱን ያመጣው ፍርሃት ነው።

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ገና ሰኞ ዋለ። ልጄ ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ላይ ነጠላዬን ለብሶ ተኝቶ ነበር። ተሸክሜ አመጣሁት፣ ሁለት ሰዓት አስተኛሁት፣ ከዚያ ቢጫው አውቶቡስ ላይ ሰቀልኩት። ረፋድ ላይ የትምህርት ቤቱ ነርስ ደወለች። ልጁ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ አልነቃ ብሏል። ቤት ውስጥ ችግር አለ ወይ? ሌሊት የት ነበር? እንግሊዝኛው ከአፌ ጠፋ። «ቸርች» አልኩ። «ሌሊቱን ሙሉ?» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ» አልኩ። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ደወልኩና «ሆዱን አሞታል» አልኩ። በቀጣዩም ዓመት ሆዱን። ከዚያም ደግሞ ሆዱን። ሦስት ገና በተከታታይ የልጄን ሆድ አሳመምኩት። በአራተኛው ገና ቅዳሜ ዋለና ሆዱ ዳነ።

ስለዚህ የምነግርሽ ከጥፋተኛ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ያኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዓሉ ቅዱስ ስለሆነ አይደለም። ሊሆንም አይችልም፤ ሕገ መንግሥታቸው መንግሥት ለአንድ ሃይማኖት እንዲያደላ አይፈቅድም። የሚዘጋው ባዶ ወንበር ሲበዛ ነው። ተማሪው ከቀረ፣ አስተማሪውም ከቀረ፣ ምትክ አስተማሪም ከጠፋ፣ የዚያን ቀን የሚማር የለም። ስለዚህ ይዘጋል።

ይህን ፍርድ ቤት ሳይቀር ብሎታል። ሜሪላንድ የፈረንጆቹን ስቅለትና የፋሲካቸውን ማግስት ሰኞ በግዛቱ ሕግ ትዘጋለች። አንዲት የሞንትጎመሪ ካውንቲ መምህርት፣ አንቺ ያለሽበት አውራጃ ማለት ነው፣ ይህ ለክርስቲያን ማድላት ነው ብላ ከሰሰች። በፈረንጆቹ 1999 (የዚህን አገር ዓመት ሁሉ በእነሱ ነው የምቆጥርልሽ) የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት አልተቀበላትም። በዚያ ሰሞን ተማሪውም መምህሩም በብዛት ስለሚቀር መዝጋቱ ከሃይማኖት ውጪ በቂ ምክንያት አለው አለ። ከዚያ በፊት፣ በ1995፣ ኢሊኖይ ውስጥ ሌላ መምህርት ተመሳሳይ ክስ አቅርባ አሸንፋ ነበር። እዚያ ግዛቱ እንዲህ ያለ አሳማኝ ምክንያት ማቅረብ አቃተው። ስቅለቱ ያው ነው፣ ሕገ መንግሥቱም ያው ነው። አንዱ ጋ ዳኞቹን ባዶ ወንበር አሳመናቸው፣ ሌላው ጋ የሚያሳምን ነገር ጠፋ።

አሁን ወደዚያች ረቡዕ እንመለስ። ስንት የሐበሻ እናት በዚያ ጠዋት ስልክ አንሥታ «ትኩሳት» እንዳለች እግዜር ይወቀው። ካውንቲሽ ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉት፣ ወደ 160 ሺህ ተማሪ ያስተምራል። በዚያ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ የእኛ ገና የተመዘገበው በጉንፋን ስም ነው። አንድ ሰው መዝገቡን ቢመረምር ታኅሣሥ 29 ላይ ወረርሽኝ እንጂ በዓል አያገኝም። እንደ ልጅሽ ዓይኑ ቀልቶ የሄደው ደግሞ «ተገኝቷል» ተብሎ ተጽፏል። ታዲያ ማን በየት በኩል ይቁጠረን? ራሳችንን ደብቀን ለምን አላዩንም ብለን እናኮርፋለን።

ለዒድ ተዘጋ ብለሽ ቅር ብሎሻል። ዒድ እንዴት እንደመጣ ግን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? የሙስሊም ቤተሰቦች እዚያው ካውንቲሽ ውስጥ ዓመታት ለፍተውበታል። በ2013 በዓሉ ሲደርስ ልጆቻችሁን ቤት አስቀሩ፣ ይቆጠር ብለው ቀሰቀሱ። በ2014 ደግሞ የጠየቁት በጣም ትንሽ ነገር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አረፋ ከአይሁዶቹ የስርየት ቀን፣ ከዮም ኪፑር ጋር ይገጥማል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ትምህርት ቤቱ እንደሆነ ዝግ ነው። ካላንደሩ ላይ ከዮም ኪፑር ጎን «ዒድ» ብላችሁ ጻፉልን አሉ። አንድ ቃል።

የትምህርት ቦርዱ ተሰብስቦ ምን ወሰነ መሰለሽ? 7 ለ1 በሆነ ድምፅ የሁሉንም ስም ሰረዘ። ገናም፣ ፋሲካም፣ የአይሁዶቹ አዲስ ዓመት ሮሽ ሃሻናም፣ ዮም ኪፑርም ከካላንደሩ ወጡ። ቀኖቹ ዝግ እንደሆኑ ቀሩ፤ የተፋቀው ስማቸው ብቻ ነው። ሙስሊሞቹ የእኛን ስም ጨምሩ አሉ እንጂ የሌላውን አጥፉ አላሉም ነበር። ክርስቲያኑ ተቆጣ፣ አይሁዱም ተቆጣ፣ የተቆጡት ግን ባልጠየቁት ሰዎች ላይ ጭምር ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው እኛ ዘንድ ሰው ኮሚቴ በትኖ ቤቱ ይገባል። እነሱ አልገቡም። በ2016 መስከረም አረፋ ሰኞ ዋለ፣ ያን ቀን ተማሪ ቤቱ ዋለ።

ዘዴውን ልንገርሽ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በትምህርት ዓመቱ ውስጥ ተማሪ የማይመጣባቸው፣ አስተማሪዎች ግን ገብተው ውጤት የሚሞሉባቸውና የሚሰበሰቡባቸው የመምህራን የሥራ ቀኖች አሉ። ቦርዱ ከእነዚያ አንዱን አረፋ ላይ አሳረፈው። ሜሪላንድ የምትጠይቀው 180 የትምህርት ቀን አልተነካም። ማንም ምንም አልተወሰደበትም።

ኒው ዮርክማ ከዚህም ረዘም ያለ ነው። የከተማው ምክር ቤት በ2009 ሁለቱ ዒዶች ይዘጉ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ከንቲባ ብሉምበርግ እምቢ አሉ። በ2015 ከንቲባ ደ ብላሲዮ መጥተው ፈቀዱ። ስድስት ዓመት ነው። የእኛ የፊርማ ወረቀት ስድስት ሳምንት ከቆየ ጀግና ነው።

«አገራችን እያለን መንግሥት ይዘጋልን ነበር» ላልሽው ደግሞ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። «ልን» ስትዪ ለማን?

እኔ ያደግኩት ደሴ ነው። በ1966 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከአንዲት የጎረቤት ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጥ ነበር። በዚያ ዓመት ከገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ አንድ ጠዋት እጇን እንሶስላ ሞቃ መጣች። ጥፍሮቿ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀልተዋል። ሽታው እስካሁን ትዝ ይለኛል። መምህሩ አያትና «ዛሬ ምንድን ነው?» አላት። «ምንም» አለች። እጇን ዴስኩ ሥር ከተተች። ደብተር ስታወጣም በክርኗ ነበር የምትገፋው። አረፋ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ገና ደረሰና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እኔ አዲስ ቀሚስ ለብሼ በበራቸው አለፍኩ፤ እናቷ ጠርታ ዳቦ ቆረሰችልኝ። ለምን የእነሱ ቀን እንዳልተዘጋ አልጠየቅኩም። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ይጠይቃል? ትልልቆቹም አልጠየቁም።

የዚያች ልጅ «ምንም» እና ያንቺ «ትኩሳት» እኅትማማች ናቸው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 12 ቀን የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጡ። ብዙ ክርስቲያንም አብሯቸው ወጣ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓሎቻችን የአገር በዓል ተብለው ይታወቁልን የሚል ነበር። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲገባ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ዒድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ከብሔራዊ በዓላት ተቆጠሩ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአረፋ ሲዘጋ ጓደኛዬ ጠርታኝ እጄን እንሶስላ ሞቅኩ። እናቴ ተቆጣችኝ፣ ግን አላጠበችኝም። ለእኛ ለብቻችን ሲዘጋልን የኖረው ቤተ ክርስቲያናችን በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ስለነበረች ነው። እዚህ አገር ያ ወንበር የለም። እዚህ እኛ ነን እጃችንን ዴስክ ሥር የከተትነው።

እንግዲህ ገና ይዘጋ ወይ? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ገና ይከበርልን እንጂ በሩን ሁሉ ዝጉልን በማለት አንጀምር። ምክንያቱን አንቺው ጽፈሽዋል። በመስከረም ሁለት ቀን ሲዘጋ ለልጅ ጠባቂ ከፍለሻል። የእኛ ገና ሲዘጋ ደግሞ አብራሽ የምትሠራው የኤልሳልቫዶር ሴት ትከፍላለች። የእሷ ልጅ ቁርስና ምሳውን የሚያገኘው ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ጾም ይውላል፤ የእኛ ጾም በተፈታበት ቀን። ካላንደሩ የካውንቲው ሁሉ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዳንድ ክፍል ግማሹ ሐበሻ ይመስላል። ሰሜን ወዳለው የገጠሩ ክፍል ስትወጪ ግን አንድ ሐበሻ ልጅ ፈልጎ ማግኘትም ከባድ ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው በር አዘጉ ማለት ትልቅ ጥያቄ ነው። ትልቅ ጥያቄ መጠየቅ ነውር አይደለም። ግን ትንሿን ሳትይዢ ትልቋን ካነሣሽ ሁለቱም ያመልጡሻል።

ትንሿ ምንድን ናት? የልጅሽ የኬሚስትሪ ፈተና። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ከዶሮው ቀጥሎ የያዘኝ እሱ ነው። በገና ሌሊት ያልተኛ ልጅ ጠዋት ፈተና ላይ መቀመጥ አልነበረበትም። ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ወንዙን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ፣ በ2021 አንድ ነገር ሞክሮ ነበር። ቦርዱ ለአይሁድ በዓላት፣ ለዒድና ለሂንዱዎቹ በዓል ለዲዋሊ አልዘጋም አለና በምትኩ 15 የሃይማኖትና የባህል ቀኖችን ዘረዘረ። በእነዚያ ቀኖች ፈተና አይሰጥም፣ የቀረ ልጅ እንዳይጎዳ ያመለጠው ይካካስለታል። የኦርቶዶክስ ገናና ስቅለት ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። እዚያ ያሉ ወላጆች ብዙ ተናደዱ፤ ስም ብቻ ሰጥታችሁ በር አልዘጋችሁልንም አሉ። በቀጣዩ የትምህርት ዓመት ሮሽ ሃሻና፣ ዮም ኪፑር፣ ዲዋሊና ዒድ አል ፈጥር ተዘጉ። የእኛው ዝርዝሩ ላይ ቀረ። ብዙ ሐበሻ «ተናቅን» አለ። እኔ ግን ያ ዝርዝር ከተዘጋ በር ባልተናነሰ ይጠቅመናል ባይ ነኝ፣ አስተማሪው ካከበረው። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ዝርዝሩ የተላከበትን ኢሜይል ያላነበበ አስተማሪ ፈተናውን ይሰጣል። ልጁ ያፍርና አይናገርም። እናት ካልጻፈች ማንም አይጽፍም።

ከዚያ አልፈን ቀን እንጠይቅ ከተባለ ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩሽ ዘዴ አለ። ገና በሥራ ቀን በሚውልበት ዓመት ከመምህራን የሥራ ቀኖች አንዱን ወደ ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 አምጡልን ማለት ይቻላል። በየዓመቱ አይደለም። 2023 ቅዳሜ ነበር፣ 2024 እሑድ። በሚቀጥለው ዓመት ሐሙስ ነው። ብቻችንንም አይደለንም። ኤርትራውያኑ አሉ። ግብጾቹ አሉ። ሰርቦቹና ሩሲያውያኑም ገናቸው በዚያው ቀን ነው። ዩክሬኖቹ በ2023 ወደ ዲሴምበር 25 ዞረውብናል እንጂ ቁጥራችን ከዚህም ይበልጥ ነበር። ግሪኮቹ ገናን ከፈረንጅ ጋር ያከብራሉ፣ ስቅለትና ፋሲካን ግን ከእኛ ጋር። የቤተ ክርስቲያናችሁ የፊርማ ኮሚቴ ከእነዚህ የአንዱን በር አንኳኩቶ ያውቃል? እኔ የማውቃቸው ኮሚቴዎች የሚያንኳኩት እርስ በርስ ነው።

ስለዚህ ፊርማው፦ ፈርሚ፣ ግን አንብበሽ። «ለሙስሊሞቹ ተሰጥቶ ለእኛ ለምን ተከለከለ» የሚል መስመር ካለበት አውጡት በዪ። እነሱ ተሰጣቸው እንጂ ከእኛ አልተወሰደም፤ ደግሞም መንገዱን የጠረጉት እነሱ ናቸው። ሕንፃሽ ውስጥ አንዲት የወሎ ወይም የሐረር ሙስሊም እናት አትጠፋም። ሳምቡሳ ይዛ ስትመጣ እንዴት እንዳደረጉት ጠይቂያት። ወረቀቱንም አስፈርሚያት። ቦርዱ ፊት ስለ ገና ሒጃብ የለበሰች እናት ብትናገር ከእኔና ከአንቺ ነጠላ ይልቅ ትሰማለች። ደግሞም ካላንደር የሚጸድቀው ከወራት ቀደም ብሎ ነው። ታኅሣሥ ላይ ተሯሩጦ ፊርማ መሰብሰብ ዋዜማ ላይ ዶሮ ፍለጋ እንደ መውጣት ነው። ካላንደሩ ለሕዝብ አስተያየት የሚቀርብበትን ቀን ጠይቁና እሱን ቀድማችሁ ድረሱ።

ባለቤትሽን አልነቅፍም። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ሲቆጡት የሚውል ሰው ቤቱ ሲገባ ሌላ ጠብ አይፈልግም። «የሰው አገር» የሚለው ለእሱ እውነት ነው። ለትንሿ ግን አይደለም። እሷ ሌላ አገር አታውቅም። ለአስተማሪዋ ስለ ዶሮ ወጡ ስትነግራት እኮ አላፈረችም። የምታፍርበት ነገር መሆኑን ያስተማርናት እኛ ነን፣ በስልኩ።

ትልቁ ላይ ትንሽ ልቆይ። «አታሳፍሪኝ» ሲልሽ ገናን መጥላቱ አይምሰልሽ። ቢጠላው ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አያድርም ነበር። የሚፈራው አንቺ ክፍሉ ድረስ መጥተሽ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንዳትከራከሪ ነው። ልጄ ካደገ በኋላ ነግሮኛል። ሆዱን እያሳመምኩ ያስቀረሁት ጊዜ አንድ ፈተና አምልጦት ዜሮ ተሰጥቶት ነበር። ልጠይቅልህ ብትይኝ ኖሮ በዜሮው እስማማ ነበር አለኝ። ስለዚህ በአሥረኛ ክፍል ልጅ ስም ከእሱ ሳትመክሪ ምንም አታድርጊ። ልቅር ካለ ይቅር። ፈተናዬን ወስጄ በግማሽ ቀን ልመለስ ካለ እሱም ይሁን። ልሂድ ካለም ይሂድ፤ ውሳኔው የራሱ እንዲሆን ነው እንጂ ቤት እንዲውል አይደለም የምንለፋው። ቨርጂኒያ ያላችሁ እናቶች ደግሞ ይህን ያዙልኝ፦ እዚያ ሕጉ ራሱ ለሃይማኖት በዓል የቀረ ልጅ ሽልማት እንዳይከለከል፣ ያመለጠውንም ፈተና በሌላ ቀን እንዲወስድ ይላል። «አልቀረሁም ብዬ ሰርተፊኬት አገኛለሁ» የሚል ልጅ ካላችሁ አንብቡለት።

አሁን ሥራ ልስጥሽ። መጀመሪያ ለዚያች አስተማሪ ኢሜይል መልስ ስጪ። ሁለት መስመር ይበቃል። «ልጄ እውነቷን ነው። ገናችን ስለነበረ ነው የቀረችው፤ መናገር አፍሬ ነው፣ ይቅርታ።» ሌላ ማብራሪያ አትጨምሪ። የማውቃቸው አስተማሪዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ብዙ ጊዜ የሚመልሱት ጥያቄ ነው፤ ዶሮው እንዴት ይሠራል ይላሉ።

ሁለተኛው ለስቅለት ነው። ጥምቀት ዘንድሮ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ጋር ሰኞ ገጥሞ በሰላም አለፈ፤ ማንም መታመም አላስፈለገውም። ስቅለት ግን ሚያዝያ 2 ቀን ዓርብ ነው። የፈረንጆቹ ከእኛ በሳምንት ይቀድማል፣ ስለዚህ አምና አንድ ላይ ውሎ እንዳረፍነው አይሆንም። ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ለሁለቱም ልጆች ትምህርት ቤት እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«የሁለት ልጆቼን ከትምህርት መቅረት ለማሳወቅ ነው። ኤፕሪል 10 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የስቅለት ቀን ነው። ልጆቼ በጾምና በጸሎት ስለሚውሉ አይመጡም። የሚቀሩበት ምክንያት የሃይማኖት በዓል ተብሎ እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ። በዚያ ቀን ፈተና ካለ በሌላ ቀን እንዲወስዱ ይደረግላቸው።»

«የሃይማኖት በዓል ተብሎ እንዲመዘገብልኝ» የምትለዋን አትዝለዪ፤ ደብዳቤው የተጻፈው ለእሷ ነው። እንግሊዝኛውን አንቺ አትጻፊው፣ ትልቁ ይተርጉመው። ያርመው፣ ይቀንስበት፣ ከፈለገ «እማዬ፣ እንዲህ አይባልም» ብሎ ይሳቅብሽ። ስለ ራሱ የሚጻፈውን ራሱ ከጻፈው አያፍርበትም። ሲጨርስ ኮፒውን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፊው፣ ለሚቀጥለው ገና ቀኑን ብቻ ነው የምትቀይሩት።